ነፋስ ያልተጠራበት የጋዝ ምድጃ ምርጫ

ለክቡር ሚስተር ኔልስ ኦበርሆልዘር፣
የሮይክራንስ የጡረተኞች መንደር ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣
ሞስል ቤይ፣ ደቡብ አፍሪካ

ክቡር ሊቀመንበር፣

ይህ ጽሑፍ እርስዎንና ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት፣ ከነቅንድባችሁና ከነሽፋሽፍታችሁ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። በእኛ በኩል ደህና ነን፤ የባለቤቴ ቅንድብ ብቻ ገና በመብቀል ላይ ነው።

ይህን ደብዳቤ አሽጌ በበርዎ ሥር ላስገባልዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን እርስዎ ስለ ባለቤቴ ስለ አቲ አሬንድሴ ያለዎትን አስተያየት በአዳራሹ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በጠፋችው ድመት ፎቶና በዳንስ ትምህርቱ ማስታወቂያ መካከል፣ ሁሉም ሰው እንዲያነበው አድርገው ስለለጠፉት፣ እኔም ከሊቀመንበሬ ጨዋነትን ተምሬ ምላሼን እዚያው ለጥፌዋለሁ፤ አንድ ቅጂም ለከተማው ጋዜጣ ልኬያለሁ። ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

እኛን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልበል። እኔ ዶሮቲያ አሬንድሴ ጡረታ የወጣሁ አዋላጅ ነርስ ነኝ። አቲ ደግሞ ዕድሜውን በባቡር ነጂነት ያሳለፈ፣ በቤተ ክርስቲያናችን በሽማግሌነት ያገለገለ፣ ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ካቻምና ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ንግግሩን ሲወስድበት ሁለት ቃል ብቻ ተረፉት፤ አንዱ «እሺ» ነው፣ ሌላው «ወግድ»። ፓስተራችን ሊጠይቁት ሲመጡ «ወግድ» ብሎ የተቀበላቸው ጠልቷቸው ሳይሆን በዕለቱ ሌላኛው ቃል እምቢ ብሎት ነው። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ፣ ስልክ ማንሣት፣ ስሙን መጻፍ፣ ሁሉም ቀርቶበታል። ያልቀረበት የእሑድ ብራይ፣ በግቢያችን እሳት ላይ ሥጋ መጥበሱ፣ ነበር። እሳት ፊት ቆሞ መቆንጠጫውን ሲጨብጥ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ሥጋው መቼ መገልበጥ እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ የልጅ ልጆቻችንም ሳህናቸውን ይዘው ከበውት «ኡፓ፣ የእኔን አሳርረው!» «ኡፓ፣ ለእሱ ትልቁን ሰጠኸው!» እያሉ አያታቸውን እንደ ድሮው ይጨቀጭቁታል። በሳምንት አንድ ቀን አቲ ሕመምተኛ መሆኑ ቀርቶ የቤቱ አባወራ ይሆን ነበር።

ኮሚቴዎ በበጋው የእንጨትና የከሰል እሳት ሲከለክል አልተቃወምኩም። ከጀርባችን ያለው ኮረብታ ሲነድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች በአዳራሻችን ወለል ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ሲተኙም ሾርባ አድያለሁ። መንደራችን ስሙን የወሰደው ለብራይ ከሚመረጠው ከሮይክራንስ እንጨት ሆኖ ሳለ ያንኑ እንጨት ማንደድ መከልከሉንም ፈገግ ብዬ አለፍኩት። ጋዝ ይሁን አልን። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ «የትኛው የጋዝ ምድጃ?» የሚለው ጥያቄ በእርስዎ እጅ ከወደቀ ጊዜ ጀምሮ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ውድድሩ።

ኮሚቴው መንደሩ በሙሉ አንድ ዓይነት ምድጃ እንዲኖረው ብሎ ሦስት ዓይነት አስመጥቶ አወዳደረ። የመጀመሪያው አጭርና ጥቁር፣ ክዳኑ ከከባድ ብረት የተሠራ፣ መልኩ እምብዛም የማያምር ነበር። ሁለተኛው እግሩ የሚታጠፍ፣ በመኪና ኋላ የሚጫን ትንሽ ነገር ነው። ሦስተኛው ትልቁ ነው፤ አራት ማዞሪያ፣ ግራና ቀኝ ጠረጴዛ፣ በክዳኑ ላይ የመስታወት መስኮት ያለው፣ ቀለሙም ቁርጥ የጣሪያችን ሸክላ። ሦስቱም የተሞከሩት ዙሪያውን በመስታወት በተዘጋው የአዳራሹ በረንዳ ውስጥ ነበር፤ በዚህም የተነሣ ግማሾቻችን ራስ ምታት ይዞን ተመለስን። የተጠበሰባቸው ደግሞ ቆዳውና ስቡ የተገፈፈ የዶሮ ደረት ነበር። ከሦስቱም ቀምሻለሁ። እርጥብ ካርቶን ማኘክ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ላበቃኝ ኮሚቴ ምስጋናዬ ይድረሰው።

በዚህ አገር ሰው ምድጃ የሚገዛው የበግ ጎድን፣ ቡርቮርስ የምንለውን ወፍራም ቋሊማና ስቡ የሚንጠባጠበውን ስኑክ ዓሣ ሊጠብስበት መሆኑን ኮሚቴው የዘነጋው መስሎኝ እጄን አወጣሁ። «ስብ ያለው ሥጋ ይሞከርበት፤ ደግሞ ወደ ውጭ አውጥተን ነፋስ ላይ እንየው» አልኩ። መንደሩ ከባሕሩ አፍ ላይ ነው፤ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ሲነሣ የልብስ ማስጫውን ከነልብሱ ነቅሎ ይሄዳል። እርስዎ መነጽርዎን ወደ አፍንጫዎ ጫፍ ዝቅ አድርገው፣

«ታኒ ዶራ፣ ነፋስ በአጀንዳው ላይ የለም» አሉኝ።

አክስት ብለው ስላከበሩኝ አመስግኜ ተቀመጥኩ። አቲ ግን ተነሥቶ ወደ ትልቁ ምድጃ ሄደና ክዳኑን በአንድ ጣቱ ከፍ ዝቅ አደረገው። ክዳኑ እንደ ብስኩት ቆርቆሮ ተንኳኳ። «ወግድ» አለ። ጸሐፊዎ «አንድ ነዋሪ ተሳደቡ» ብለው መዘገቡ። በሥራ ዘመኔ ብዙ የሐኪም ምርመራ አንብቤአለሁ፤ እንዲህ አጭርና እንዲህ ትክክል የሆነ ግን አልገጠመኝም።

ትልቁ አሸነፈ። ቀለሙ ከጣሪያው ጋር ይስማማል ተባለ፤ ከአጥር በላይ አይታይም ተባለ፤ መስኮቱም «ክዳኑን ሳይከፍቱ ለመመልከት ያስችላል» ተብሎ ተመሰገነ። ሌላ ዓይነት ምድጃ በግቢው ያቆመ ነዋሪ ቢኖር ማኅበሩ እንደሚያስነሣበትም ተነገረን።

ሁለተኛ፤ ስለ ምግቡ።

የተመረጠው ምድጃ አራት ማዞሪያ ቢኖረውም እሳቱ ዳርና ዳር ብቻ ነው፤ መሐሉ ለብ ብሎ ይቀራል። በመጀመሪያው እሑድ የጠበስንበት ቋሊማ ጫፍና ጫፉ ከሰል፣ ወገቡ ጥሬ ሆኖ ወጣ። ትንሿ የልጅ ልጃችን ነክሳው በመዳፏ ላይ ተፋችው፤ ከውስጡ ሞቅ ያለ ሮዝ ውሃ በክርኗ ወረደ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ደምና እንግዴ ልጅ ሳይ የኖርኩ ሴት ነኝ። ያን ቋሊማ ግን ሳየው ፊቴን አዞርኩ።

ሦስተኛ፤ ስለ ስቡ።

ይህን ክፍል ምግብ እየበሉ የሚያነቡ ሰዎች ቢዘሉት አልቀየምም። የስብ መቀበያው ሳህን የተሰካው ከምድጃው በስተኋላ ነው። ለማውጣት ምድጃውን ከግድግዳ መጎተት፣ ተንበርክኮ እጅን ከሥር መስደድ፣ ከዚያም ሳህኑ ጎድጓዳ ስላልሆነ ግማሹን በራስ ጫማ ላይ ማፍሰስ ያስፈልጋል። በመዋኛ ገንዳው አጠገብ ለጋራ ያቆሙልን ምድጃ ሳህን በማንም ሳይነካ ከርሞ ስቡ አረንጓዴ ጸጉር አበቀለ፤ ዝንብ ሰፈረበት፤ ከሥሩ ነጫጭ ነገር መላወስ ጀመረ። የባሕር ወፎች እንኳ፣ በዚህ ጠረፍ ምንም የማይጸየፉት እነዚያ ፍጥረታት፣ አንዴ ቀምሰው ጥለውት ሄዱ። ጎረቤቴ ፕሬሚላ ጎቨንደር፣ የሒሳብ መምህርት የነበረችው፣ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ «ዶራ፣ ይሄ ምድጃ ነው ወይስ ሬሳ ማቆያ?» አለችኝ። ፎቶ አንሥታ አመጣችልዎ። እርስዎም ሳይውሉ ሳያድሩ ፈጣን እርምጃ ወስደው «ተጠቃሚዎች ያጽዱ» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። የሰሌዳው ቀለም ከጣሪያው ጋር እንደሚስማማ ልብ ብለናል።

አራተኛ፤ ስለዚያ እሑድ።

እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢያጥር ይቅርታዎን አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

አቲ ክዳኑን ከፍቶ ጎድኑን ደርድሮ ነበር። እኔ ዳቦ ላመጣ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ነፋሱ ያን ቀላል ክዳን አንሥቶ ዘጋው፤ በዚያው ትንፋሽ እሳቱንም አጠፋው። ጋዙ ግን መውጣቱን አላቆመም። የተመሰገነው መስኮት በስብ ጥላሸት ጠቁሮ ስለነበር ከውስጥ እሳት ይኑር አይኑር አይታይበትም። አቲ ሥጋው መንጨርጨሩን ሲያቆም እሳቱ የደከመ መሰለውና፣ ማንም ሰው እንደሚያደርገው፣ የማቀጣጠያውን ቁልፍ ተጫነ።

ድምፁን እርስዎም ከቤትዎ ሆነው ሰምተውታል። ሮጬ ስወጣ ክዳኑ የፕሬሚላ ጽጌረዳ ላይ ወድቋል፤ ጎድኑ በሣሩ ላይ ተበትኗል፤ አቲ ግን እንደቆመ ነው። ቀኝ እጁን የሰው ዕቃ ይመስል ከፊቱ ዘርግቶ ያየዋል። ቆዳው ከጣቶቹ ላይ እንደ እርጥብ ጓንት ተንጠልጥሏል። ቅንድቡ የለም። የተቃጠለ ፀጉርና የተቃጠለ ስብ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ አፈነኝ፤ የትኛው ከበጉ፣ የትኛው ከባሌ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ያ ሽታ አሁንም ሻይ ስጠጣ ድንገት ስለሚመጣብኝ ሲኒዬን አስቀምጣለሁ። እጁን ይዤ የቧንቧ ውሃ ሥር ሳደርገው «እሺ» ይለኛል። «እሺ፤ እሺ፤ እሺ።» እጁ ተልጦ እያለ የሚያጽናናው እኔን ነበር።

አምስተኛ፤ ስለ ጉብኝትዎ።

ሆስፒታል ድረስ መጥተው ስለጠየቁን፣ ያችን በማሰሮ ያለች ቁልቋል ስላመጡልንም እናመሰግናለን፤ እጁ ለተላጠ ሰው እሾህ መስጠት ለሁሉም የሚመጣ ሐሳብ አይደለም። አልጋው ግርጌ ቆመው አቲን አልፈው ወደ እኔ እያዩ፣

«በጣም አዝናለሁ፣ ታኒ ዶራ። ግን መመሪያው ግልጽ ነው፤ ክዳኑ ተዘግቶ አይለኮስም» አሉ።

«ክዳኑን የዘጋው እሱ አይደለም፤ ነፋስ ነው» አልኩዎት።

«እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እንደ ኡም አቲ ያለ ሰው ከእሳት ቢርቅ ለራሱም ክብር ነው።»

ክቡር ሊቀመንበር፣ ባሌ ያጣው ንግግሩን እንጂ ጆሮውን አይደለም። እርስዎ «ኡም» ብለው፣ አጎቴ ብለው፣ በፊቱ እንደ አሮጌ ወንበር ሲያወሩበት እያንዳንዷን ቃል ሰምቷል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዕድሜ ልኬን ብዙ የሚያስጠላ ነገር በእጄ ጠርጌአለሁ፤ እርስዎ በዚያ ክፍል ጥለውት የሄዱትን ግን በምን እንደምጠርገው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ ማስታወቂያዎ ቀድሞን ተለጥፏል፤ አደጋው «የተጠቃሚ ስህተት» እንደሆነ፣ ከእንግዲህም «የአካልና የአእምሮ ጉድለት ያለባቸው ነዋሪዎች» ምድጃ እንዳይነኩ ይላል። ስሙን አለመጥራትዎ ደግነት ነው፤ በመንደሩ ውስጥ ቅንድብ የሌለው ሰው እሱ ብቻ ስለነበር አንባቢው ብዙም አልተቸገረም። ከዚያ ወዲያ አቲ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ለግቢው ሰጥቶ መቀመጥ ጀመረ። እሑድ የጎረቤት ጥብስ ሲሸተው ተነሥቶ መስኮቱን ይዘጋል። ልጆቹ ሲመጡ መኝታ ቤት ገብቶ ይተኛል። እኔም ባሌን ለሁለተኛ ጊዜ ማጣቴ መሆኑ ገባኝ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ጥፋተኛው ደም ሥር ነበር፣ በሁለተኛው ኮሚቴ።

ከዚህ በኋላ ያለው ቅሬታ አይደለም፤ ስለዚህ ቁጥር አልሰጠሁትም። እርስዎ የዘለሉትን ውድድር እኛ አደረግነው። ፕሬሚላ ናት «እስቲ ነፋሱን ጋብዘነው እንየው!» ያለችኝ። የጥቁሩ ዓይነት ምድጃ ከልጇ ቤት በመኪና አስመጣች፤ ታጣፊውን ዓሣ ማጥመድ የሚወዱት ጎረቤቶቻችን አዋሱን፤ የእርስዎን ምርጫ ደግሞ ከገንዳው አጠገብ እየገፋን አመጣነው፤ ከማምጣታችን በፊት እኔና ፕሬሚላ የጎማ ጓንት አጥልቀን ያን ሳህን አጠብነው። ነፋሱ ሲያፏጭ ባሕሩ ዳር ባለው ሣር ላይ ሦስቱንም ደረደርናቸው። ለእርስዎ የላክነው ጥሪ «አጀንዳ፦ ነፋስ» የሚል እንደነበር ያስታውሳሉ። ስለመጡልን እናመሰግናለን።

ታጣፊው እሳቱን አላጠፋም፤ እግሩ ግን ስለሚወላወል አንድ ሰው ይዞት መቆም ነበረበት፤ ለሁለት ሰው ዓሣ ይበቃል፣ ለቤተሰብ አይሆንም። ጥቁሩ ለመጋል ዘገምተኛ ነው፤ ለማንቀሳቀስም ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ይህን አንደብቅም። ነገር ግን ክዳኑን ነፋስ አይነቀንቀውም፤ እሳቱ በብረት ቆብ ሥር ተሸሽጎ ይነድዳል፤ የስብ ሳህኑ ከፊት ለፊት እንደ መሳቢያ ይወጣል፤ ቋሊማውም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መልክ ይዞ በሰለ። የእርስዎ ምርጫ ተራ ሲደርስ ፕሬሚላ እጇን ዘርግታ «ክቡር ሊቀመንበር፣ የመረጡት እርስዎ ነዎት፤ በእጅዎ ይለኩሱልን» አለች። ተጠግተው ማዞሪያውን ያዙ። ክዳኑ ከእጅዎ በላይ ተወርውሮ ጓ ብሎ ተዘጋ። እጅዎ ወደ ኪስዎ ተመለሰ።

«ዛሬ አየሩ አይመችም» አሉ።

አንድም ሰው አልሳቀም። በዚህ መንደር ውስጥ ካየሁት ጨዋነት ሁሉ ትልቁ ያ ነው።

ያን ጊዜ ፕሬሚላ ጥቁሩ ምድጃ ላይ ያለውን ጎድን እንደ ፈተና ወረቀት ታገላብጠው ነበር፤ አንድ ጊዜ በዚህ፣ አንድ ጊዜ በዚያ፣ ሥጋው ዕረፍት አጣ። እኔ አቲ ቤት ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠ መስሎኝ ነበር። ለካ መስኮቱን ሲዘጋ ፕሬሚላን ከሥጋው ጋር ስትታገል አይቷት ኖሯል። በነጠላ ጫማው፣ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ነፋሱ ሸሚዙን እየገለበው በሣሩ ላይ መጣ። ምድጃው ፊት ሲደርስ ቆመ። እሳቱን አየው። ከዚያ በግራ እጁ መቆንጠጫውን ከፕሬሚላ ነጠቀና፣

«ወግድ!» አላት።

«እሺ ኡም አቲ፣ ወገድኩ!» አለችና ወደ ጎን ሄዳ በሽርጧ ዓይኗን ጠረገች፤ ጭሱ ነው ብላ ለሁሉም ተናገረች፤ ጭስ ግን አልነበረም። እንዲህ ደስ ብሎት የተሰደበ ሰው አይቼ አላውቅም።

እርስዎ እንዳላዩ ሆነው ወደ ቤትዎ ለመሄድ ሲዞሩ አቲ የመጀመሪያውን ጎድን ሳህን ላይ አደረገ። ለእኔ ያመጣዋል ብዬ ነበር። አልፎኝ ሄዶ ለእርስዎ ዘረጋው፤ እንግዳው እርስዎ ነበሩና። «እሺ» አለዎት። ምድጃ እንዳይነካ በሰሌዳ ያወጁበት ሰው በእጁ የጠበሰውን ቆመው በሉ። አጥንቱን ጋጡ፤ ጣትዎንም ላሱ፤ ሁላችንም አይተናል። ሳህኑን መለሱለት። አመሰግናለሁ የሚል ቃል ግን ከአፍዎ አልወጣም፤ ሁለት ቃል ብቻ የቀረው እሱ ነው ብዬ አስብ ነበር፣ እርስዎ ደግሞ ከእሱ አንሰው ተገኙ።

ከዚያ ወዲህ በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ነዋሪው ያን ባለ ሸክላ ቀለም ምድጃ ከፈቃድ ዝርዝር አውጥቶ ጥቁሩን አስገብቷል፤ አቲንና መሰሎቹን ከእሳት የሚያርቀው ትእዛዝም ተሽሯል። እርስዎ በሊቀመንበርነትዎ ቀጥለዋል፤ ሌላ ፈቃደኛ ሰው ስላልተገኘ ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎ። «የተጠቃሚ ስህተት» የሚለው ቃል ግን እስከ ዛሬ አልተነሣም። እኔ የምለምንዎ ቀላል ነው። ቁልቋል ሳይዙ ወደ ቤታችን ይምጡ፤ ከአቲ ፊት፣ እሱን እያዩ፣ ስህተቱ የእሱ እንዳልነበረ በአፍዎ ይንገሩት። መልሱ ከሁለቱ ቃላት የትኛው እንደሚሆን ዋስትና አልሰጥም።

ለጊዜዎና ለትዕግሥትዎ ከፍ ያለ ምስጋና እያቀረብኩ፣ ከእሳትም ከእርስዎም ተገቢውን ርቀት በመጠበቅ፣

የዘወትር አክባሪዎ፣
ዶሮቲያ አሬንድሴ

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሄስቴል ካለፈው ወር ጀምሮ በየእሑዱ በኋላ በር በኩል ሳህን ይዘው እየመጡ ከአቲ ጥብስ ይወስዳሉ፤ የእርስዎን የዶሮ ደረት ለጎረቤት ውሻ እንደሚሰጡትም ነግረውኛል። ይህን በአደባባይ ልጻፈው ወይስ ይቅር ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። «ጻፊው እንጂ!» አሉኝ፤ «ኔልስ ሰሌዳ ላይ ያልተለጠፈ ነገር አይሰማም።»